«ከእኛ ጋር አትገጥሚም»

ዶክተር ስታመን ቫልኮቭ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ቡልጋሪያ ውስጥ፣ በሂሳሪያ ከተማ ከሚገኘው የማዕድን ውሃ ምንጭ ፊት የተሰለፉት ውሃ አልቆባቸው አልነበረም፤ ሰው ሰልችቷቸው ነው። ቤት ቢቀመጡ ስልክ ይጮኽባቸዋል፤ መሥሪያ ቤት ቢሄዱ ሰባቱ ሠራተኞቻቸው «ልክ ነዎት ዶክተር» እያሉ ያደነቁሯቸዋል። ስለዚህ ሁለት ባዶ ጀሪካን አንጠልጥለው ወጡና ከሰልፉ መጨረሻ ቆመው ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ደብዳቤ ለአምስተኛ ጊዜ አነበቡት።

ደብዳቤው ከካርጃሊ ከተማ በላይ ባሉት ተራሮች እርጎ ከሚያመርቱ አሥራ ሁለት ወተት ቤቶች የተላከ ነው። «የምትልኩልን እርሾ ወተቱን ማርጋት ትቷል» ይላል። «ሦስት ወር ታገሥን። እስከ ወሩ መጨረሻ ካላስተካከላችሁ ሌላ እንፈልጋለን።» የዶክተሩ ትንሽ የባዮቴክኖሎጂ ድርጅት እርጎ የሚያረጉ ባክቴሪያዎችን አራብታ፣ አድርቃ፣ በከረጢት የምትሸጥ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ለፍተውባታል። ከደንበኞቿ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እነዚሁ አሥራ ሁለቱ ናቸው። እነሱ ከሄዱ በሩ ይዘጋል፤ ይህን ዶክተሩም ያውቃሉ፣ ሰባቱም ያውቃሉ።

ከፊታቸው የቆመችው ወጣት ሴት ዞር አለች።

«እንደምን አደሩ ዶክተር? አላወቁኝም መሰለኝ።»

«ይቅርታ ልጄ፣ የት ነበር የተያየነው?»

«እርስዎ ቢሮ። ኔርሚን እባላለሁ። የዛሬ ዓመት ተኩል ለላቦራቶሪ ሥራ አመልክቼ ‹ዕውቀቱስ አለሽ፤ ግን ከእኛ ጋር አትገጥሚም› ብለው ሸኙኝ።»

ዶክተሩ እስከ ጆሮአቸው ቀሉ። እንዲህ ማለታቸው ትዝ አላቸው። የከነከናቸው ግን መናገራቸው ብቻ አይደለም፤ ያን ቀን ክፉ የተናገሩ እንኳ አልመሰላቸውም ነበር።

«አሁን የት ነሽ ታዲያ?»

«ሆስፒታል። ሽንት እመረምራለሁ። እስካሁን አንድም ሽንት ‹አትገጥሚም› አላለኝም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይስቁ ነበር። ዛሬ ግን ሆዳቸው በብስጭት ሞልቷልና ለማን እንደሚተነፍሱት ሳይመርጡ ዘረገፉት።

«ስሚ፣ ስምሽ የቱርክ ነውና ከካርጃሊ ሳትሆኚ አትቀሪም። እነዚያ የካርጃሊ ወተት ሰዎች ምን ዓይነት ፍጡሮች ናቸው? ንጹሕ እርሾ እንልክላቸዋለን፤ እነሱ የራሳቸውን ኮተት ጨምረው ያበላሹታል፤ ከዚያ ‹አልረጋም› ብለው ይከሱናል!»

«ምን ይጨምራሉ?»

«ማያ! እርጎ ውስጥ ማያ! ምክትሌ ካመን ራሱ ፎርም አዘጋጅቶ ጠይቋቸዋል። አሥራ ሁለቱም በጽሑፍ አምነዋል።» ፎርሞቹን ከደብዳቤው ሥር መዘው አቀበሏት። ጥያቄ ሰባት «ማያ ትጠቀማላችሁ?» ይላል። መልሱ «አዎ» ነው። ገለጠች፤ «አዎ»። ሌላም ገለጠች፤ «አዎ፣ ሁልጊዜ»።

ኔርሚን ጀሪካኗን መሬት አስቀመጠች። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልለየላትም።

«ዶክተር፣ በእናንተ ቤት ማያ ማለት ምንድነው?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? የዳቦ እርሾ ነው፤ ወይም ከጥጃ ጨጓራ የሚወጣው የአይብ ማርጊያ። ቡልጋሪያ ውስጥ ሕፃን የሚያውቀው ነው።»

«በእኛ በቱርኮቹ ቤት ደግሞ እርጎ የሚረጋበት ራሱ ማያ ይባላል። ከእናንተ በከረጢት የሚገዙት ማያ ነው። ‹ማያ ትጠቀማላችሁ?› ስትሏቸው ‹የእኛን እርሾ ትጠቀማላችሁ?› ያላችኋቸው ነው የመሰላቸው። ከእናንተ ገዝተው ‹አንጠቀምም› ይበሏችሁ?»

ዶክተሩ ፎርሙን ተቀብለው አዩት። ገልብጠውም ከጀርባው አዩት፤ ከጀርባው ምንም አልነበረም።

እንግዲህ ተመልከቱ። ሰባት የተማሩ ሰዎች፣ አንዱ ከሌላው የሚበልጥ ዲግሪ ይዘው፣ በአንዲት ቃል ሦስት ወር ሙሉ ሰው ሲያሙ ከረሙ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ከሰባቱ አንዱ እንኳ እናቱ ወተት ላይ ማያ ስትጨምር እያየ ያደገ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ፎርሙ ሳይታተም ያልቅ ነበር።

«ቡልጋርኛ አይችሉም እንዴ?» አሉ ዶክተሩ፤ ሽንፈት የሚመጣበትን መንገድ ለመዝጋት ያህል።

«ይችላሉ እንጂ። ቃሉ የማያውቁት ቢሆን ኖሮማ ‹ምን ማለት ነው?› ብለው ይጠይቁ ነበር። የሚያውቁት ቃል ነው ጉድ የሠራችሁ።»

«እሺ፣ ይህ አንድ ስሕተት ነው። በአንድ ስሕተት ሰው አይፈረድበትም! ሰባቱም ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው። ሁሉም የዚሁ ከተማ ልጆች ናቸው። በጥቅሻ እንግባባለን፤ ስብሰባችን አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ አንድ ቀን ተጣልተን አናውቅም። ስንት ድርጅት ነው እንዲህ በሰላም የሚኖር?»

«እንግዲያው በሰላም ልትዘጉ ነዋ።»

«ምላስሽ!»

«ዶክተር፣ አይቆጡኝ። ፕሎቭዲቭ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እያለን መጥተው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ባክቴሪያን የሚበላ ቫይረስ አለ አሉን። ማሰሮው ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ዘር ከሆነ፣ ቫይረሱ አንዱን የቻለ ዕለት ሁሉንም ቻለ ማለት ነው አሉን። ስለዚህ አዋቂ አምራች ዘሩን ይቀላቅላል፣ ያፈራርቃል አሉን። ደብተሬ ላይ አስምሬበታለሁ። ለባክቴሪያ ያወቁትን ለሰው እንዴት ረሱት?»

«ሰው ባክቴሪያ አይደለም!» ብለው ጮኹ።

ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አያቸው። ከኋላ አንዲት አሮጊት «አያ ስታመን፣ ሰው ባክቴሪያ አለመሆኑን አውቀናል፤ ወይ ቅዳ ወይ አሳልፈን!» አሉ።

ዶክተሩ አፍረው ቀዱ። ኔርሚንም ቀዳች። ጀሪካኖቹን ወደ መኪናቸው ሲወስዱ ግን ዝም ማለት አልቻሉም።

«አንቺን ብቀጥርሽ ኖሮ ወተቱ ይረጋ ነበር ነው የምትይኝ?»

«አላልኩም። ለምን እንደማይረጋ እኔም አላውቅም። እናንተ ግን ያወቃችሁ መሰላችሁና መጠየቅ አቆማችሁ። እኔ ብኖር አታቆሙም ነበር፤ ይኼው ነው።»

«ነገ ከእኔ ጋር ነይና አስተርጉሚልኝ።»

«ለማስተርጎም አልመጣም። የምጠይቀው እኔ ከሆንኩ፣ እርስዎም ዝም ካሉ እመጣለሁ።»

«ዝም? እኔ?»

«አዎ፣ እርስዎ።»

በማግሥቱ እሑድ ወደ ተራራው ወጡ። ዶክተሩ በየጠመዝማዛው መንገዱን፣ መንግሥትንና የመኪናቸውን ፍሬን ተሳደቡ። ኔርሚን በመስኮት ተራራውን ታያለች፤ ይህም አበሳጫቸው።

የኡስታ ሹክሪ ወተት ቤት ከመንደሩ ጫፍ ላይ ነው። ኡስታ፣ ማለትም የሥራው ባለሙያ፣ የሚባሉት ሹክሪ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ የቀሩት አሥራ አንዱ ወተት ቤቶችም ሥራውን የለመዱት ከሳቸው ነው። ደብዳቤውንም የፈረሙት በቅድሚያ እሳቸው ናቸው። ዶክተሩን በቀዝቃዛ ሰላምታ ተቀበሏቸው፤ ኔርሚን የማን ልጅ እንደሆነች ከጠየቁ በኋላ ግን ፊታቸው ፈታ አለ።

«ሹክሪ አምጃ፣ አጎቴ፣ የእርሾውን ነገር እንተወው» አለቻቸው። «ጠዋት ከእንቅልፍዎ ከተነሡ ጀምሮ የሚያደርጉትን ሁሉ ያሳዩኝ። ሲያጥቡ፣ ሲያሞቁ፣ ሁሉንም።»

አዛውንቱ አሳዩ። ድስቱን በሙቅ ውሃ አጠቡ። ከዚያ ጥግ ላይ በጨርቅ ከረጢት ከተሰቀለው የትናንት እርጎ የተንጠባጠበውን አጓት በጭልፋ ቀድተው ድስቱን ዙሪያውን አለቀለቁት፤ አጓቱን ደፉና ወተቱን ጨመሩበት።

«ይህ ለምንድነው?» አለች ኔርሚን።

«የትናንቱ በረከት ለዛሬው እንዲሻገር ነዋ። እናቴም እንዲህ ነበር የምታደርገው።»

ዶክተሩ አፋቸውን ከፈቱ። ኔርሚን እግራቸውን ረገጠች። ዘጉት።

«ይህን ለድርጅቱ ሰዎች ነግረዋቸው ነበር?»

«ማን ጠየቀኝ ልጄ? ‹ወተቱ ውስጥ ምን ትጨምራለህ?› አሉኝ። ‹ከእርሾው በቀር ምንም› አልኩ። ይሄ ድስት ነው እንጂ ወተት ነው? ደግሞ በእናቴ ማያ ስንሠራ በዚሁ አጓት እያለቀለቅን አንድ ቀን ተበላሽቶብን አያውቅም። እናንተም መጀመሪያ የምትልኩት ደህና ነበር። ከባለፈው ጸደይ ወዲህ ነው የጠፋው።»

ዶክተሩ አሁን ሁሉም ገባቸው፤ መግባቱም አመማቸው። ያ ባክቴሪያን የሚበላ ቫይረስ የሚኖረው አጓቱ ውስጥ ነው፤ በየማለዳው ከትናንቱ ወደ ዛሬው ይሻገራል። የእናትየው ማያ የብዙ ዘር ድብልቅ ስለነበረ አንዱ ሲሞት ሌላው ሥራውን ይሠራል። የሳቸውም የድሮው እርሾ አምስት ዘር ነበረበት። ባለፈው ጸደይ ግን «ከሁሉ የተሻለው ይኼ ነው፤ ሌላው ምን ያደርጋል?» ብለው አንዱን ብቻ አስቀሩ። ሐሳቡ የሳቸው ነበር። ሰባቱም እጃቸውን አወጡ። ስብሰባው ስምንት ደቂቃ ፈጀ።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች። ዶክተሩ ሦስት ወር ሙሉ ሲያማስሉ የከረሙት የሰው ድስት ነበር።

«ቆይ እንጂ» አሉ፤ ቃል ኪዳናቸውን አፍርሰው። «ያልገባዎትን ጥያቄ ለምን ‹አዎ› ብለው ፈረሙ? ‹አልገባኝም› ማለት ያሳፍራል?»

ኡስታ ሹክሪ ጭልፋውን አስቀምጠው አዩአቸው።

«ዶክተር፣ አንተ ደህና ሰው ትመስላለህ። የዛሬ አርባ ዓመት በክረምት መንግሥት ቱርክ ሁሉ ስሙን በቡልጋሪያ ስም ይለውጥ ብሎ አዘዘና ፎርም ይዘው መጡ። ሹክሪ ሆኜ ገብቼ አሌክሳንደር ሆኜ ወጣሁ። አባቴ በመቃብሩ እንኳ ስሙን ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ ፎርም ሲመጣ ‹አዎ› ብዬ እፈርማለሁ፤ ቶሎ ይሄዱልኛል።»

ዶክተሩ የዚያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነበር፤ ነገሩን ሰምተዋል፤ ዝም ብለዋል። ሲመለሱ መንገዱን አልተሳደቡም።

ሰኞ አጓቱ ተመረመረ፤ ቫይረሱ ተገኘ። ኔርሚን ከሆስፒታሉ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስዳ መጥታለች፤ ሰባቱም እንደ እንግዳ በሩቁ ይመለከቷታል። ዶክተሩ ወዲያው የሚለጠፍ ማስታወቂያ ጻፉ፤ «ድስትን በአጓት ማለቅለቅ በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል፣ በቀይ ቀለም። ካመን «ግሩም ነው ዶክተር» አለ።

«ምኑ ነው ግሩሙ?» አለች ኔርሚን። «‹እናትህ ያስተማረችህ ቆሻሻ ነው› የሚል ወረቀት በሰው ቤት ለጥፈህ ማን ይታዘዝሃል? ፊት ለፊታችሁ ‹አዎ› ይሏችኋል፣ ዞር ስትሉ ያለቀልቃሉ።»

«ታዲያ ቫይረሱን እንቀልበው?» አለ ካመን።

«አጓቱን ግማሽ ሰዓት አፍልተው ያለቅልቁበት። በረከታቸውም አይቀርባቸው፣ ቫይረሱም አብዛኛው ይሞታል። ለተረፈው ደግሞ እኛ ሁለት የተለያየ ድብልቅ እንሥራ፤ አንዱን በአንዱ ሳምንት፣ ሌላውን በሌላው።»

«ድርብ ሥራ ነው!» አሉ ዶክተሩ።

«ድርብ ሥራ ነው» አለች።

ተከራከሩ። እስከ ምሳ ተከራከሩ፤ ከምሳ በኋላም ተከራከሩ። ዶክተሩ ራሳቸውን አመማቸው። በመጨረሻ ማስታወቂያውን ቀደው ጣሉት።

ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው አሥራ ሁለቱ ወተት ሰዎች በኡስታ ሹክሪ ቤት ተሰበሰቡ። አዛውንቱ ከአዲሱ እርሾ የረጋውን እርጎ በጎድጓዳ ሳህን አመጡና በሁሉም ፊት ገለበጡት። እርጎው ከሳህኑ ንቅንቅ አላለም። በማንኪያ ቀመሱ፤ ዞረው ለሌሎቹ ሰጡ። ሁሉም ደግመው ቀመሱ።

«ይህቺ ልጅ» አሉ ኡስታ ሹክሪ በማንኪያቸው ወደ ኔርሚን እያመለከቱ፣ «የእናንተ ሠራተኛ ናት?»

«አዎ» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ማንም አያጣራም። ዶክተሩም አፋቸው ላይ መጥቶ ነበር። ነገር ግን በዚህ ቤት ስንት የውሸት «አዎ» እንደተባለ አሁን ያውቃሉ።

«አይደለችም» አሉ። «ሥራ ፈልጋ ደጄ መጥታ ነበር። ‹ከእኛ ጋር አትገጥሚም› ብዬ መለስኳት።»

ኡስታ ሹክሪ አሥራ አንዱን ጓደኞቻቸውን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ ከዚያም ወደ ዶክተሩ ዞሩ።

«እኛ እርሾህን እንገዛለን። እሷ የእኛ ልጅ ናት። ታዲያ አንተ ከማን ጋር ነው የምትገጥመው?»

ሰዎቹ ሳቁ። ዶክተሩ አልሳቁም። «ከሰባት እኔዎች ጋር» አሉ።

ይህን ጊዜ ኡስታ ሹክሪም ሳቁ። ከዚያ ደብዳቤውን እንደተውት ተናገሩ፤ ወተት ቤቶቹ ይቆያሉ።

ሲመለሱ ዶክተሩ መኪናውን እየነዱ ነገሩን አነሡ።

«ሥራውን ልሰጥሽ እፈልጋለሁ።»

«ለምን? ቱርክ ስለሆንኩ ከሆነ እዚሁ ያውርዱኝ።»

«አቤት ያንቺ ነገር! እኔ የማላየውን ስለምታይ ነው። የምታይው ደግሞ ከኖርሽበት የመጣ ነው። ሁለቱን በምን ቢላ ልለያያቸው?»

«መልስ ይሆናል» አለች ኔርሚን። «ነገር ግን የሥራ ማስታወቂያችሁ ላይ ‹ከቡድናችን ጋር የሚገጥም› የሚል አለ። እሱ ይሰረዝ። በሱ ፈንታ ‹እኛ የማናውቀውን የሚያውቅ› በሉ።»

«እንዲህ ብለን ብንጽፍ ማን እንደሚመጣ አስበሻል?»

«እሱን ነው የምለው።»

መጡም። ሠላሳ ዓመት አይብ ያረጉ፣ የዩኒቨርሲቲ ደጅ ረግጠው የማያውቁ ቫስካ የሚባሉ ሴትዮ መጡ፤ በገቡ በሳምንቱ ማሽን ያልያዘውን የተበላሸ ወተት አሽትተው ብቻ ለይተው አንድ ሙሉ ምርት ከመጣል አዳኑ። ፎርሙ ቀረ፤ በሱ ምትክ ሰው ሄዶ አንድ ጠዋት አብሮ ይውላል። በዚህም ቅሬታው ደብዳቤ ሆኖ ሳይመጣ ገና ማጉረምረም ሳለ ይሰማል። ከረጢቱ ላይ መመሪያው በሁለት ቋንቋ ተጻፈ፤ ካርጃሊን ተሻግሮ ያለው አገር በወሬ ብቻ ሰምቶ ደንበኛ ሆነ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላል፤ ግን የሚጠይቀው ሁሉ አንድ ዓይነት ሰው ከሆነ የሚጠይቀውም ያንኑ ነው። ይህን ለማወቅ ድርጅት እስኪዘጋ መጠበቅ አያስፈልግም ነበር፤ ሰው ግን ይጠብቃል፤ ያናድዳል።

ሁሉም አማረ ብዬ አልዋሽም። ስብሰባው አሁን ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ዶክተሩ የራስ ምታት ክኒን ኪሳቸው ይዘው ይገባሉ። ወይዘሮ ቫስካ ሰው ሲናገር ያቋርጣሉ፤ ኔርሚን እጅ ካልሰጧት አትለቅም።

ባለፈው ኅዳር ዶክተሩ አዲስ ሐሳብ ይዘው ገቡ። ለፍየል ወተት የሚሆን እርሾ እስከ ጸደይ አውጥተን እንሽጥ አሉ። በደንብ ተዘጋጅተውበታል፤ ሥዕልም ሠርተዋል። ሲጨርሱ ኔርሚንን ተመለከቱ፤ እሷ ደስ ብሏት ትጽፋለች። ወይዘሮ ቫስካን ተመለከቱ፤ በአዎንታ ፈገግ አሉ። ዶክተሩ እፎይ ብለው ወረቀታቸውን ሊሰበስቡ ሲሉ ከጠረጴዛው ጫፍ ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

ካመን ነው። አሥራ አራት ዓመት «ልክ ነዎት ዶክተር» ያለው ካመን። ፊቱ ቀልቷል።

«ዶክተር» አለ፣ «እኔ ልክ አይመስለኝም።»

ዶክተር ስታመን ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ካመን አዙረው ተቀመጡና «ቀጥል» አሉት።